መፈለግና መገዛት

ሰው ሲፈልገን ደስ ይለናል። ይልቁንም በወጣትነት ዘመን አንድ የማናውቀው ሰው ከሩቅ ስማችንን ጠርቶ «አንተን እሻለሁ» ያለን እንደ ሆነ ልባችን ወዲያው ይከተለዋል፤ ምን ሊሰጠንና ምን ሊወስድብን እንደ መጣ ለመጠየቅ ጊዜ አናገኝም። ይህን ነገር በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ በሚጫወቱ ልጆች ላይ ደኅና አድርጌ ስላየሁት ለወጣት አንባቢዎቼ መንገር እወዳለሁ።

በዚያ አገር የኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ትልቁ ማኅበር፣ ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባለው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. አባሎቹን በሦስት ክፍል መደባቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል ካሉት አብዛኞቹ ጎበዝ ተጫዋች ያገኙ እንደ ሆነ ስለ ጨዋታው ብለው የትምህርቱን ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል ይከፍሉለታል። በሦስተኛው ክፍል ግን ከ400 የሚበልጡ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ የሆኑ ኮሌጆች አሉ፤ ሕጋቸውም ስለ ስፖርት ችሎታ አንድ ሳንቲም እንዳይከፈል ይከለክላል። ተማሪው ርዳታ የሚያገኘው ወይ ቤተ ሰቡ መክፈል ስላልቻለ ወይ በትምህርቱ ብልጫ ስላሳየ ነው። ርዳታውን የሚመድበው ቢሮ የልጁን ኳስ መጫወት ከሒሳብ ማግባት አይፈቀድለትም።

«እንግዲያስ አሠልጣኙ ባዶ እጁን ምን ብሎ ይጠራል?» ትሉኝ ይሆናል። የእኅቴ ባል ያለውም ይህንኑ ነው። እርሱ በሜሪላንድ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። ልጁን በአንድ የበጋ ውድድር ላይ አይተውት ከሁለት ትንንሽ ኮሌጆች የመጡ አሠልጣኞች ይደውሉለት ጀመር። እናቱ ደስታዋን መቻል አቅቷት በቤተ ክርስቲያን ለጓደኞቿ «ልጄን በነፃ ሊያስተምሩት ነው» ብላ አወራች። አባቱ ነገሩን ሲያጣራ ገንዘብ የሚባል እንደሌለበት ተረዳና «የማይከፍል ሰው ስለ ምን ይለምናል? ኳሱን ተወውና ትምህርትህን ያዝ» አለው።

እኔ ግን ሁለቱም ነገሩን በግማሽ ብቻ ያዩት መሰለኝ። አሠልጣኙ ገንዘብ ባይኖረውም ቃል አለው። መግቢያቸው ጠባብ በሆኑት ኮሌጆች ልጁ የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት ከመጀመሩ በፊት ውጤቱን ለመዝጋቢዎቹ አቅርቦ አስቀድመው እንዲመለከቱለት ይጠይቃል፤ «ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ» ብሎም ይመሰክርለታል። ይህ ምስክርነት በር ሊከፍት ይችላል። በምላሹ ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ማመልከቻውን ቀድሞ እንዲያስገባና ከተቀበሉት ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ቃል እንዲገባ ይጠየቃል። ለሀብታም ይህ ቀላል ነው። ድኻ ግን የሌሎቹን ኮሌጆች ዋጋ ሳያይ መታሰሩ ነው፤ ርዳታው ባይበቃው ከቃሉ መውጣት ቢችልም እንኳ ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ የአገሩ ሕግ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሌጆቹ ሁሉ እንዲያቀርቡ ባዘዘው ማስያ ከአባቱ ጋር ተቀምጠን የሁለቱን ኮሌጆች ዋጋ አሰላን። በይፋ የሚጠይቁት ዋጋ ተቀራራቢ ነበር፤ ለእነርሱ ቤት የሚተርፈው ግን አንዱ ከሌላው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። አባትየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ቢል ብራድሊ የሚባል የሚዙሪ ልጅ በ1961 እ.ኤ.አ. ዱክ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ሊያስተምረው ተዘጋጅቶለት ሳለ በበጋው ቤዝቦል ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። ያን ጊዜ ከኳስ ውጭ ምን መማር እንደሚሻ አሰበና ስለ ስፖርት ወደማይከፍለው ወደ ፕሪንስተን ሄደ። (ፕሪንስተን ከትንንሾቹ ኮሌጆች ወገን አይደለም፤ በዚህ ነገር ግን ልማዱ አንድ ነው።) በ1964 እ.ኤ.አ. አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከአገሩ ቡድን ጋር ወርቅ አገኘ፤ በኋላም በኦክስፎርድ ተማረ፣ ለኒው ዮርክ ኒክስ ተጫወተ፣ ከ1979 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሴናተር ሆነ። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አባቱ ባንከኛ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ለኳስ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚንቅ ሰው ብዙ የድኻ ልጅ በእርሱ እንደ ተማረ አላየም ማለት ነው። ዳሩ ግን ያ ገንዘብ ለብዙ ዘመን፣ ከ1973 እስከ 2012 እ.ኤ.አ.፣ በሕግ ለአንድ ዓመት ብቻ ይሰጥ ነበርና ባለቤቱ ካላደሰው ያልቅ ነበር።

የእኅቴ ልጅ «አጎቴ፣ የትኛውን ልመን?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አሠልጣኞቹን ከእርሱ በፊት በዚያው ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች እንዳሏቸው እንዲጠይቃቸው ነገርሁት። ገንዘብ የማያወጣ ሰው ብዙ ልጅ መጥራት አይከብደውም፤ ሃያውን ሁሉ «ቡድኑ ያንተ ነው» ቢላቸው ምን ይጎዳዋል? አንደኛው አሠልጣኝ ወሬውን ወደ ሌላ መለሰው። ሁለተኛው «ሦስት አሉኝ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ተቀምጠህ ታሳልፍ ይሆናል» አለው። ልጁ በዚህ መልስ አዘነ። እኔ ግን ይህን ሰው ወደድሁት። ከዚያም ሄዶ አንድ ሌሊት ከተማሪዎቹ ጋር እንዲያድር፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የኬሚስትሪውን ክፍል እንዲያይ፣ እግሩ ቢሰበር እዚያ መቆየት ይወድ እንደ ሆነም ራሱን እንዲጠይቅ መከርሁት። ሄደ፤ ተመልሶም ስለ ኳስ ሜዳው ጥቂት፣ ስለ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ግን ብዙ አወራን። ዋጋው የቀለለውም ይኸው ኮሌጅ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ተባለው ተቀምጦ አሳለፈ። በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ተጫወተ። በሦስተኛው መግቢያ ላይ በልምምድ ሳለ ጕልበቱ ተጎዳና ሐኪሞቹ ዓመቱን በሙሉ አትጫወትም አሉት። እናቱ በዚያ ሰሞን የፖስታ ሣጥኑን በፍርሃት ትከፍት ነበር። የርዳታው ወረቀት ሲመጣ አባትየው አነበበው፤ ካለፈው ዓመት በጥቂት ዶላር አንሶ ነበር፣ እርሱ በዚያ ዓመት ብዙ ሌሊት ስለ ሠራ። ስለ ልጁ ጕልበት አንድም ቃል አልተጻፈበትም።