የ59 ኸርትዝ ዘር ማንዘር

የኮምፒውተር ጨዋታ የሚወድ ሰው ቪዲዮ ሴቲንግ የሚባለውን ክፍል አይወድም። ጨዋታውን በፍላሽ አስገልብጦ ሲመጣ ልቡ ያለው መጫወቱ ላይ ነው። ወደ ሴቲንግ የሚገባው ስክሪኑ ሲጠቁርበት፣ ስዕሉ ሲቆራረጥበት ወይም ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጎ እምቢ ሲለው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ተቃራኒ ነኝ። መጫወቱን አልችልበትም፤ ዝርዝሩን ማንበብ ግን ደስ ይለኛል። እዚያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር የሆነ ዘመን ላይ፣ የሆነ አገር ውስጥ ሰዎች የተጨቃጨቁበት ጉዳይ ነው። ጭቅጭቁ አልቆ፣ ተጨቃጫቂዎቹም አርፈው፣ እኛ አይከል ላይ ተቀምጠን «የትኛው ይሻልሃል?» እንባላለን።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ላፕቶፑ ከአዲስ አበባ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በተሠራው የኢንቴል ግራፊክስ ነው የሚኖረው። በብዛት የሚጫወተው ፔስ 2013 የሚባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ፔስ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን አመሉ ይገርማል። ሌላው ጨዋታ አቅም ሲያንሰው ስዕል እየዘለለም ቢሆን ከሰዓቱ ጋር ይሮጣል። ፔስ ግን መዝለል አይወድም፤ ጨዋታውን ራሱን ያዘገየዋል። ሮናልዶ እግሩን ሲያነሳ ታያለህ፣ ኳሷን እስኪመታት ቡና ይፈላል። ልጁ ታዲያ ከጨዋታው ውጭ ለብቻዋ የተቀመጠችውን የሴቲንግ ፋይል ይከፍትና ጥራቱን ከ«ሃይ» ወደ «ሎው» ያወርደዋል። ተመልካቹ ካርቶን ይሆናል፣ የሣሩ ወዝ ይጠፋል፣ ሮናልዶ ግን ይሮጣል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» የሚባለው ጨዋታ የመቀነስ ምልክቷን በተጫኑ ቁጥር ስዕሉን ከዳር ከዳር ይሸበሽበው ነበር። ደካማ ኮምፒውተር የነበረው ሰው መሀል ላይ በቀረችው ጠባብ መስኮት እያየ ነው ጭራቆቹን የገደላቸው። ሴቲንግ የሚባለው ነገር የተፈጠረው በማጣት ነው ብል አልተሳሳትኩም። ፕሌይስቴሽን ላይ ይህን ያህል አንጠየቅም፤ የሁሉም ሰው ማሽን አንድ ስለሆነ ሠሪው ቤታችን ውስጥ ያለውን ያውቃል። ኮምፒውተር ላይ ግን አያውቅም። ስለማያውቅ ይጠይቃል።

አንድ ቀን ታዲያ ልጁ የመኪና እሽቅድድም አስገልብጦ መጣ። ሴቲንጉን ሲከፍተው ሁለት መስመር ቀረበለት፦ «1366 × 768፣ 59 ኸርትዝ» እና «1366 × 768፣ 60 ኸርትዝ»።

«ጋሼ፣ 59ና 60 ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አንድ» አልኩት።

አልሳቀም። ቁጥሩ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ስዕሉን እንደሚያድስ የሚናገር መሆኑን እሱም ያውቃል። 60 ይሁን፣ ክብ ቁጥር ነው። ቁጭ ብሎ 59ን የሚመርጥ ግን ማነው? ነገሩ እኔንም ከነከነኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የግድግዳውን ሶኬት ነበር። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። አይከል ከጎንደር በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። እሷ ያለችበት ጭልጋ ዱሮ በጎንደርና በስናር መካከል የሚመላለስ ነጋዴ የሚያልፍበትና ቀረጥ የሚከፍልበት አገር ነበር፤ ዛሬም ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ በዚያው መስመር ያልፋል። ኤሌክትሪክም ወደዚያው ይነግዳል። ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ የሱዳኗ ገዳሪፍ የሚገባ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። ሁለት አገር እንዲህ በሽቦ የሚገናኘው ኤሌክትሪካቸው በሰከንድ እኩል ሲመላለስ ነው፤ እነሱም 50፣ እኛም 50 ነን። ወደ ምሥራቅ ብትሄድ 50፣ ወደ ምዕራብ ብትወርድ 50። ልጁ ፊት ከቀረቡት ሁለት ቁጥሮች አንዱም የአገሩ አይደለም።

60 የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ የፒትስበርጉ ዌስቲንግሃውስ መሐንዲሶች የቆረጡት ነው። 50 የጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ድረስ ኤሌክትሪክ ሲላክ ጉድ ተባለ፤ መስመሩ ግን 40 ኸርትዝ ስለነበር አምፖሉ ሲርገበገብ በዓይን ይታይ ነበር። የበርሊኑ ኩባንያ ኤ.ኢ.ጂ. ኋላ ከፍ አደረገና 50 ላይ ቆመ፤ አብዛኛው ዓለምም እዚያው ቀረ። ከሁሉ የሚብሰው የጃፓን ነው። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1895 የጀርመን ጄኔሬተር አስመጣች፣ ኦሳካ በዓመቱ የአሜሪካ። እስከ ዛሬ የጃፓን ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ነው። ሳይመካከሩ መግዛት እንዲህ ያደርጋል።

ቴሌቪዥን ሲመጣ የስዕሉን ቁጥር ከከተማው ኤሌክትሪክ ጋር ማስማማት ግድ ሆነ። ካልተስማማ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣው ንዝረት ስክሪኑ ላይ መቀነት ሠርቶ ይንፏቀቃል፤ ዜና አንባቢው ደረት ላይ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60፣ የአውሮፓው 50 ሆነ። እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ሁሉ ክብ ነው፤ 59 ገና አልተወለደም።

የወለደው የቀለም ጠብ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ሲቢኤስ በሚሽከረከር ባለቀለም መንኮራኩር የሚሠራ ቴሌቪዥን አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ተፈቀደለት፣ ጁን 1951 ስርጭት ጀመረ፣ ኦክቶበር ላይ ዘጋ። ሰው ቤት ውስጥ ያሉት ሚሊዮኖች ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች ይህን ስርጭት ማሳየት አይችሉም ነበራ! ማን ነው ትናንት የገዛውን ዕቃ ጥሎ መንኮራኩር የሚገዛ? ተቀናቃኙ አርሲኤ ብልጥ ነበር። አዲስ ያለው በቀለም፣ አሮጌ ያለው በጥቁርና ነጭ ያንኑ ስርጭት የሚያይበትን መንገድ ያዘ፤ ይኸው ሥርዓት ዲሴምበር 17 ቀን 1953 ጸደቀ።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። ቀለሙን የሚሸከመው ሞገድና ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ እርስ በርስ እየተላተሙ ስዕሉን ነጠብጣብ ያደርጉታል። ድምፁን ፈቀቅ እንዳያደርጉት የድሮዎቹ ቴሌቪዥኖች ድምፅ የሚጠብቁት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ያላቸው አማራጭ የስዕሉን ቁጥር መነካካት ብቻ ስለነበር፣ ከሺህ አንድ ያህል ላጡለት። 60 የነበረው 59.94 ሆነ። ዓይን አያስተውለውም፣ አሮጌውም ቴሌቪዥን ችሎት ይሠራል። እነሆ የልጁ 59! አሜሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የነበራቸው ሰዎች ቅር እንዳይላቸው ተብሎ የተላጠ ቁጥር ነው።

ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ቅር የሚለው ባለቴሌቪዥን አልነበረም። ቴሌቪዥናችን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቀለም ያየነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሰሞን። ይዘነው የመጣነው ሥርዓት ፓል ነው፤ ዋልተር ብሩክ የሚባል የቴሌፉንከን መሐንዲስ ሃኖቨር ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳየው፣ በሰከንድ 50 የሚለው። ቴሌፉንከንን እ.ኤ.አ. በ1903 ያቋቋሙት ደግሞ ኤ.ኢ.ጂ. እና ሲመንስ ናቸው። የግድግዳው 50 እና የቴሌቪዥኑ 50 የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ጨዋታ የሚሠራው ግን በብዛት ጃፓንና አሜሪካ ነበር፤ ጃፓን ደግሞ ሶኬቷ ለሁለት ቢከፈልም ቴሌቪዥኗን በአሜሪካው ሥርዓት አድርጋለች። ስለዚህ ጨዋታው ለ60 ይሠራና ለ50 አገር ይላካል። የሴጋው ሶኒክ እ.ኤ.አ. በ1991 አውሮፓ ሲገባ በ17 በመቶ ያህል ቀዝቅዞ፣ ከላይና ከታች ጥቁር ጥለት ተደርጎለት ገባ። በፍጥነቱ የሚታወቀው ጃርት!

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ነገሩ ተሻሻለና አንዳንዱ ጨዋታ ሲከፈት «50 ወይስ 60?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ጎንደር ውስጥ የምንሄድበት ጌም ቤት፣ ከጆተኒው አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበረች። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ጆይስቲኩ ከእጅ እጅ ሲዞር ላብ ነው። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ባለቤቱ ከጓዳ ይጮሃል፦ «ሃምሳ በሉት! ስልሳ የነካ ሒሳቡን ከፍሎ ይውጣ!» እውነቱን ነበር። ፓል ብቻ የምታውቅ ቴሌቪዥን 60 ሲላክላት ወይ ቀለሙን ትጥላለች፣ ወይ ስዕሉን ታንከባልለዋለች። አንድ ልጅ በድፍረት 60ን ነክቶ የአርሰናል ማሊያ ግራጫ ሲሆን አይቻለሁ።

አሁን ያ ሁሉ አልፏል። የላፕቶፑን ቻርጀር ገልብጬ አየሁት፤ ጥቃቅን ጽሑፍ ነው፣ መነጽር ይፈልጋል፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርትዝ። የፒትስበርግንም የበርሊንንም ተቀብሎ ወደ አንድ ዓይነት የማይመላለስ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ስክሪኑ ሶኬቱ 50 ይሁን 60 አያውቅም። የቀለም ሞገድ የለም፣ የድምፅ ሞገድ የለም፣ የሚከበር አሮጌ ቴሌቪዥን የለም። ቁጥሩ ግን አለ። የቴሌቪዥን ልማድ የወረሰ ስክሪን 59.94ን እችላለሁ ይላል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ያለውን፣ ባለሱቅ ሳንቲም የለም ብሎ እንደሚያስቀረው፣ አስቀርቶ 59 ብሎ ይጽፈዋል። አንዳንዱ ስክሪን ላይማ 60ን መርጠህ፣ እሺ ብለህ ወጥተህ ስትመለስ 59 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

1366ም ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለውም። 768 የድሮው 1024 በ768 ስክሪን ቁመት ነው። ስክሪን ወደ ጎን ሲለጠጥ፣ 16 ለ9 ሲባል፣ 768ን በ16 አባዝተህ ለ9 ስታካፍለው 1365 ከሲሶ ይመጣል። ሲሶ ፒክስል ስለሌለ 1366 አሉት። በቃ።

ጋማ የሚባለው ግን አሳዘነኝ። ብዙ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ጥቁር ስዕል ያቀርብና ምልክቱ ለጥቂት እስኪታይህ ድረስ መስመሩን ጎትት ይልሃል። የዚህ ሥሩ የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ቱቦ ነው፤ ኤሌክትሪኩን እጥፍ ብትሰጠው ብርሃኑን ከአራት እጥፍ በላይ አድርጎ የሚመልስ፣ በትንሹ ስትሰጠው ደግሞ ጥላውን ሁሉ ጨለማ የሚያደርግ ነበር። ቱቦው ቢሄድም ማስተካከያው ቀረ። ጨዋታው ታዲያ ክፍሉን አደብዝዝ ብሎ ይመክራል። እኛ ቤት ክፍል የሚያደበዝዘው በሩን መዝጋት ነው። ልጁ ይዘጋል፣ እናቱ ትከፍታለች፦ «ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል? በርበሬ እየለቀምኩ አይደለም እንዴ!» ጋማው እንደ በሩ ሁኔታ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

ቪ-ሲንክ ላይ ብዙም አልቆይ። ስክሪኑ ስዕል ለመቀበል እስኪዘጋጅ ኮምፒውተሩ ይጠብቀው ማለት ነው። ደካማ ኮምፒውተር ከጠበቀ ተራው ያልፈዋል፣ 60 የነበረው በአንዴ 30 ይወርዳል። ልጁ ስለዚህ አጥፍቶታል። ዋጋውን ግን ከፍሏል፤ መኪናው ሲታጠፍ ስዕሉ መሀሉ ላይ ይቀደድና ጣሪያው ወደ ግራ ሄዶ ጎማው ቀኝ ይቀራል። ለምዶታል። በተቀደደ መኪና አንደኛ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግረው ቆየሁ። ሰምቶኝ ይሁን ትቶኝ አላውቅም፣ ብቻ 60ን መርጦ ይነዳል። በመሀሉ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ስክሪኑ ደብዘዝ አለ፣ መኪናውም ከበደው መሰለኝ፣ ከጨዋታው ወጥቶ የዊንዶውሱን ሴቲንግ ከፈተ። 40 ይላል። የኢንቴል ግራፊክስ ካላቸው ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ቻርጀር ሲነቀል ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ቁጥር ከ60 ወደ 50 ወይም ወደ 40 ያወርዱታል። የአሁኑ ስክሪን አይርገበገብም፤ እስኪታደስ ድረስ ስዕሉን እንደያዘ ይጠብቃል፣ ስለዚህ 40ም ይችለዋል።

«ጋሼ፣ 40ስ የማን ነው?»

«ባትሪህ ስንት ቀረው?»

«ሠላሳ ሁለት ፐርሰንት።»

«እንግዲያው የማንም ይሁን፣ ንዳ» አልኩት።