በአየር ስንት፣ በመንገድ ስንት

ከለንደን ፓሪስ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ይሄን ሳነብ ዓይኔ ወደ ወለጋ መንገድ ሄደ። ከአዲስ አበባ ደምቢ ዶሎ በቀጥታ መስመር 440 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፤ በመኪና ግን 650 ገደማ! አምቦ፣ ጌዶ፣ ባኮ፣ አኖ፣ ሲሬ፣ ነቀምቴ፣ ጊምቢ... ልዩነቱ የዳገቱና የጠመዝማዛው ነው። የመንገድ ላይ ፍተሻው ደግሞ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የጠፋው፤ ጥያቄው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ነው፣ መልሱም «እንደ መንገዱ» ነው። አውሮፕላኑ ለደምቢ ዶሎ ሰው ቀኑን ያተርፍለታል። ለአኖ ሰው ግን ከላዩ ያልፋል እንጂ አይወርድለትም፤ እሱ ያው መናኸሪያ ሄዶ ወረፋ ይይዛል።