እህቴ ቤት ዘንዶ ገባ!

እናንተዬ፣ ዘንድሮ የማይሰማ ጉድ የለም! ኮሎራዶ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በውድቅት ሌሊት ደውላ ስታለቅስብኝ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን ፍለጋ ተነሳሁ። «እትዬ፣ ልጅሽ ዘንዶ ገዝቶ ገባ!» አለችኝ።

«ልጅሽ» የምትለኝ የራሷን ልጅ ነው። 3 ዓመቱ ላይ ለእኔ ትታው ወጣች፤ እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ፣ በእኔ እጅ አደገና በ2016 ዓ.ም. ወረቀቱ አልቆለት እናቱ ጋ ሄደ። አሁን 14 ዓመት ሞልቶታል። እናትና ልጅ ታዲያ በአንድ ጣራ ሥር እንደ ሁለት ተከራይ ነው የሚኖሩት። እሷ ሁለት ቦታ ትሠራለች፤ እሱ በሩን ዘግቶ ይውላል። ያበሰለችለትን ትቶ ደረቅ ዳቦ ይገምጣል። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ዘንዶው የተጨመረው።

«ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ!» ብላ ፎከረች። ብትደነግጥ አልፈርድባትም። ታላቅ ወንድማችን መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እባብ ነድፎት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል። ደጋ ያደገ ሰው ከእባብ ጋር የሚተዋወቀው ቆላ ሲወርድ ነው። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከካላዛር ታማሚው ጎን በእባብ የተነደፈውንም የቀን ሠራተኛ ለዓመታት ሲያክም ኖሯል። ይህን የሚያውቅ ሰው ልጁ አልጋ አጠገብ እባብ ቢያይ ምን ይበል?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማር የጎረቤት ልጅ አለ። ቡና ጠርቼ ፎቶውን ባሳየው ሳቀ። ቦል ፓይተን ይባላል አለኝ፤ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ፣ እነ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን ነው። ዘንዶነቱ እውነት ነው፤ ግን መርዝ የለውም፣ አድጎ አድጎም አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ ጭራሽ ቤተ መቅደስ አለው! ከ20 ዓመት በላይ እንደሚኖርም ነገረኝ... ይህቺን እንኳ ለእህቴ አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ሌላ ስልክ። አሁን ልቅሶው ተገልብጧል፦ «እትዬ፣ አይበላም! ሊሞትበት ነው!» ለካ ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል በጎን ወተት በስኒ ታቀርብለት ኖሯል። ዳባት ያሉት አያታችን እባብ ጣራው ላይ ሲታይ «የቤት አድባር ነው፣ አትንኩት» ብለው ወተት ያስቀምጡለት ነበር፤ ያ ትዝ ብሏት ነው። እባብ ግን ሥጋ በል ነው፤ ወተት ምግቡ አይደለም፣ ለመጠጡም ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። (በነገራችን ላይ እባብ መቀለብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአፈ ታሪኩ አርዌ የተባለው ዘንዶ ሕዝቡን ከብትና ልጃገረድ ሲያስገብር ኖሮ፣ አንጋቦ መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት አይደል የገደለው?)

ተማሪው ያለኝን ላካፍላችሁ፤ ውጭ ልጅ ላላችሁ ይጠቅማል። አዲስ ቤት የገባ የእባብ ልጅ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይነካ ይተዋል። ገብቶ የሚደበቅበት ነገር ይፈልጋል። ሙቀትም ይፈልጋል፤ የሳጥኑ አንዱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይሁን፣ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ፣ ከበረደው የዋጠውን መፍጨት አቅቶት ይተፋዋል። የዳባትን የሐምሌ ብርድ አስቡት! ምግቡ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ አይጥ ነው፤ ከእባቡ ወገብ እምብዛም መወፈር የለበትም። በላስቲክ ተደርጎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ ማይክሮዌቭ አይገባም። የሚቀርበውም በረጅም ወረንጦ ነው፤ እጅ ስለሚሞቅ እባቡ ከአይጡ ሊያምታታው ይችላል። በሕይወት ያለ አይጥ ደግሞ እባቡን ራሱን ይነክሰዋል። ዓይኑ ጉም ከለበሰ ቆዳውን ሊገፍ ነውና ባይበላ አይገርምም። ከበላ በኋላ 2 ቀን አይነካም። የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

ከሁሉ የከበደው ግን «ተዪው» የሚለው ምክር ነው። እህቴ ማታ ማታ ሳጥኑ ሥር ቁጭ ብላ «ብላ እንጂ!» ስትለው ነው የምታመሸው። ምን ታድርግ፣ የጎንደር ሴት ናት። ከልጇ በስተቀር በ«አፈር ስሆን» የማይበላ ፍጡር ገጥሟት አያውቅም።

በ11ኛው ቀን ልጁ ራሱ በቪዲዮ ደወለ። እነሱ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። «እትዬ፣ ሰው ሲያየው አይበላም። ለእማ ንገሪልኝ» አለኝ። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ትታየኛለች! እዚያው ከጎኑ ላለች ሴት እኔ ጎንደር ሆኜ አስተርጓሚ ልሁን?

«አንተው ንገራት» አልኩት።

ዝም አለ፤ ቆየና ዞር ብሎ፣ «እማ፣ ትንሽ ውጪልኝ። ሲበላ እጠራሻለሁ» አላት። ወጣች። መብራቱን ቀንሶ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደገፈው። ከዚያ አይጡን በወረንጦ ይዞ ዝቅ አደረገ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ምላስ ብቻ ውልብ፣ ውልብ። እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ፤ ለእባብ! ድንገት እንደ ወንጭፍ ተወርውሮ የሞተውን አይጥ ሊገድለው ጠመጠመው። ይዞት ይዞት ሲያበቃ በጭንቅላቱ በኩል ጀመረ። የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ መሐል ላይ ያልተጋጠመ፣ በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ ስለሆነ፣ በየተራ እያራመደ ነው የሚውጠው።

«እማ! ነይ! በላ!»

እየሮጠች መጣች። አልጮኸችም። ሁለቱም አጎንብሰው ሲያዩ ስልኩን ረሱት፤ ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል። «ጠገበ?» ትላለች። «ለሳምንት ይበቃዋል» ይላታል። «ለሳምንት?! በዚችው?»

የአይጡ ጥቅል እስካሁን ከበርበሬዋና ከጾም ወጧ ጎን ነበር፤ ይህን ግን እኔም ብሆን አልችለውም። ቅዳሜ ለት አብረው ሄደው ትንሽ ፍሪዘር ገዙ። በሩ ላይ በአማርኛ እንዲጽፍበት አዘዘችው። ፎቶውን ልካልኛለች፦ «የአይጥ ነው፣ አይፈት» ይላል፤ የጎደለችውን «ከ» እናቱ በእስክሪብቶ መሐል ላይ አስገብታለታለች።