ሸኚ የሌለው መምህር

ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ ወደ አዳማ ሲመለስ ምን ይሰማዋል? ሁለቱም የአንድ ከተማ ስሞች መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። እኔ የወጣሁት ከናዝሬት ነው፤ የተመለስኩት ግን ወደ አዳማ ነው። በመካከሉ ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት በአሜሪካ ኖሬአለሁ። ከሥራዬ የአራት ወር ፈቃድ ወስጄ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ ላስተምር ስመጣ፣ የአገሬን ውለታ የምከፍል መስሎኝ ነበር።

አቀባበሉ ደማቅ ነበር። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ቡና ተፈላ፣ «ከአሜሪካ ድረስ የመጣልን ወንድማችን» ተባልኩ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የባዮሎጂ መምህርም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበልኝ። እኔ ለአራት ወራት የመጣሁበትን ሥራ እሱ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደሠራው ያወቅሁት በኋላ ነው።

በኦሮሚያ ተማሪዎች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ይህን ከሩቅ ሆኜ አንብቤዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጠየቅሁ። ከሰባ የማያንሱ ልጆች ዝም ብለው አዩኝ። የእኔ አፋን ኦሮሞ የሽንኩርት ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም፤ ያውም የናዝሬት ልጅ ሆኜ! የባዮሎጂው መምህር በበሩ ሲያልፍ ችግሬን አይቶ ገባና አንድ ዓረፍተ ነገር በቋንቋቸው ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እጆችም ወጡ። ጥያቄው ከብዷቸው አልነበረም፤ የጠያቂው ቋንቋ ነበር የከበዳቸው።

ያን ቀን ማታ አባቴን አስታወስኩ። አባቴ የሰላም ጓድ ተማሪ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ከ270 በላይ አሜሪካውያን ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ አብዛኞቹ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ሆኑ። የኢትዮጵያው ኃላፊያቸው ሃሪስ ዎፎርድ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነዋል፤ ወሊሶ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስም እንዲሁ። የተማሪው እንቅስቃሴ ሲጋጋል «የሰላም ጓድ ይውጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በደርግ ዘመን፣ በ1977፣ ወጡ። በ1995 ተመልሰው በ1999 በጦርነቱ ምክንያት ሄዱ፤ በ2007 እንደገና መጡ፤ በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ከመላው ዓለም ተሰበሰቡ። እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛ ታሪክ የመምጣትና የመሄድ ታሪክ ነው።

በእነዚያ ወጣቶች ልፋት አልቀልድም። ሦስት ወር ያህል ሠልጥነው፣ የሚመደቡበትን አካባቢ ቋንቋ ተምረው፣ ሁለት ዓመት የሚቀመጡ ናቸው። በቅርቡ ከመጡት መካከል አፋን ኦሮሞን ከእኔ አስበልጠው የተናገሩ ብዙ ናቸው። የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነገር ነው። አባቴ አሜሪካዊ መምህሩን እስኪሞት ድረስ በስም ያነሳው ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩትን ኢትዮጵያውያን ግን «እነ እገሌ» ብሎ ያልፋቸው ነበር። እኔም «እነማን?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አንድ ጊዜም እስከ ሻሸመኔ ወርጃለሁ። በየሄድኩበት ያገኘኋቸው መምህራን ወሬ አንድ ነበር፤ የቤት ኪራይ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚያስጠኗቸው የሰው ልጆች፣ ትቶ የሄደ ባልደረባ።

የባዮሎጂው መምህር አንድ ደብተር ነበረው። ተማሪዎቹ የሚቸገሩባቸውን ቃላት በእንግሊዝኛና በአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይጽፍበታል፤ ከኪሱ ከፍሎም ፎቶ ኮፒ ያድላል። ሦስት ወር ከአጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም ነበር፤ የራሴን ዕቅድ ሳስተምር ነበራ! የመጨረሻውን አንድ ወር የእሱ ረዳት ሆንኩ። እሱ ይመርጣል፤ እኔ እንግሊዝኛውን አርማለሁ፣ እተይባለሁ፣ የወረቀቱንም እከፍላለሁ። ከአራቱ ወራት የሚቆጠር ሥራ የሠራሁት በዚያች አንድ ወር ብቻ ነው።

በሽኝቴ ዕለት እንደገና ቡና ተፈላ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። ወጣቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲመጡ ቡና ተፈላ፣ ሲሄዱም ተፈላ። እኔ ግን ስለማልሄድ ሸኚ የለኝም» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ።

ውድ አንባቢ፣ በጎ ፈቃደኝነት ይቅር አልልም። እኔ ግን የመመለሻ ትኬቴን ኪሴ ይዤ ነው መሥዋዕት የከፈልኩት። መንግሥትም እኛ ዲያስፖራዎችም ለሚመጣው የምንደግሰውን ክብር ለሚቀረው ብንነፍገው፣ ነገ የሚቀር አይኖርም፤ ያኔ ለሁሉም ቡና ልናፈላ ነው፤ የሽኝት ቡና። ስለዚህ ለማስተማር ወደ አገሩ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ «እዚህ ማን ነበር? ምንስ ጀምሯል?» ብሎ ይጠይቅ። እኔ ዘግይቼ ጠየቅሁ።

ቸር ይግጠመን።