አጥራችን ስንት ሜትር ይሁን?

አፉላን የምታውቁ ጊቭዓት ሃሞሬን ታውቁታላችሁ። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ተራራ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ይኖራሉ። ከላይ ሆነው ሲመለከቱ የይዝራኤል ሸለቆ እርሻ ከሥር ተዘርግቶ፣ በደቡብ በኩል የጊልቦዓ ተራራ ይታያል። እኛ ግን ሰሞኑን ዳገቱን ስንወጣ ዓይናችን ያረፈው በየቤቱ አጥር ላይ ነበር።

ዳገት ላይ አጥር አስቸጋሪ ነገር ነው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ቁመቱን የሚያህል ግንብ ያያል፤ ግቢው ውስጥ ላለው ግን ያው ግንብ ከጉልበቱ አያልፍም። ስለዚህ ጎረቤታሞች በአንድ አጥር ሲጨቃጨቁ የሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

በጎንደር ገጠር የአጥሩን ነገር የሚወስነው ጅቡና ከብቱ ነበር። እሾህ ይከመራል፣ ቅንጭብ ይተከላል፤ ጅብ ካልገባ በቃ። ሜትር ይዞ የሚመጣ ሹም የለም። ቁመት የሌለው አጥርም ነበረን፦ በመርገም ጎጆ ዙሪያ የሚደረደረው ድንጋይ። ማንም ይራመደዋል፣ ግን ማንም አይሻገረውም።

እዚህ አገር ቁመቱ በሕግ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ፣ የአካባቢውን ፕላን (ታባዕ) እስካልተቃረነ ድረስ፣ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርስ አጥር ያለ ግንባታ ፈቃድ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ከዚያ ከበለጠ በ1965 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ (ሄቴር) ማውጣት ያስፈልጋል። አፈር የሚደግፍ ግንብ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ «አጥር ነው» ብላችሁ አትጀምሩት።

በኢትዮጵያ ሳለን ያልነበረን ሚሽና፣ በባባ ባትራ መጀመሪያ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ይናገራል። የጋራ ግቢ ግንብ ከወደቀ ጎረቤታሞቹ እስከ አራት ክንድ ድረስ መልሰው እንዲሠሩት ያስገድዳል። የሰው ግቢ ውስጥ መመልከት ራሱ ጉዳት ነው ብለው ሊቃውንቱ «ሄዜቅ ርኢያ» ይሉታል። አራት ክንድ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ሚሽና ከዚህ አይነስ ሲል ደንቡ ከዚህ አይብለጥ ይላል! ግቢ ውስጥ ቡና የሚያፈሉ እናቶቻችንን ስናስብ እኛ ለሚሽናው እናደላለን። በተራራው ላይ ደስ ያሰኘን ዝቅ ያለ ግንብ ሠርተው ከኋላው ቁጥቋጦ የተከሉት ቤቶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ማንሳታችን በማሽካንታ ቤት ገዝቶ፣ የቀረችውን ገንዘብ ለግንበኛ ከፍሎ፣ በኋላ የማፍረሻ ትእዛዝ (ጻቭ ሃሪሳ) የሚመጣበት ሰው እንዳይኖር ነው። ግንበኛው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ይላችኋል። ቅጣቱ የሚመጣው ግን በባለቤቱ ስም ነው።

ቤታችሁ በጋራ ሕንፃ ምድር ቤት ከሆነ ግቢው የእናንተ መሆኑን አስቀድማችሁ በታቡ አረጋግጡ። የጋራ ከሆነ ያለ ጎረቤቶች ስምምነት ማጠር አይቻልም። ከዚያ ዒሪያ ወደሚገኘው የመሐንዲስ ክፍል (አጋፍ ሃንዳሳ) ሂዱ። ታባዑ ስለ አጥር ምን እንደሚል፣ መሬቱ ተዳፋት ከሆነም ቁመቱ ከየትኛው ወገን እንደሚለካ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ለማስተርጎም ልጅ ከትምህርት ቤት አታስቀሩ፤ መጋሼር ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ፈቃድ የሚሠራው አጥር ካለቀ በኋላም በ45 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው።