አሮጌ ኮምፒውተርና ትንሽ ገንዘብ

ኮምፒውተር ለተማሪ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ዛሬ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የመመረቂያ ጽሑፍ ተተይቦ ካልቀረበ የሚቀበለው የለም፤ የሚነበበውም መጽሐፍ፣ የሚለጠፈውም ማስታወቂያ የሚደርሰን በብዛት በእርሱ በኩል ነው። ቅንጦት የሆነው ኮምፒውተሩ ሳይሆን አዲስነቱ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ደግሞ ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ከቤት በሚላክ የኪስ ገንዘብ አዲስ ኮምፒውተር እገዛለሁ ማለት ለብዙዎቻችን ምኞት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የቀረው መንገድ አሮጌውን ማደስ ነው። በአንድ ዶርም የምንኖር አምስት የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ሄደን ያየነውን ለጓደኞቻችን መጻፍ ወደድን።

ያለን ዴስክቶፕ አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ከሠራበት በኋላ በጨረታ ያስወገደው ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ 3-4130 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የወጣ፣ ሁለት ኮር ያለው ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነበር። አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍና ሁለት ሦስት የኢንተርኔት ገጾች አብረው ሲከፈቱበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሦስታችን የዘንድሮ ተመራቂዎች ስለ ሆንን ጽሑፋችን በሰኔ መግባት አለበት። እንግዲህ ጉዳዩ የምቾት ጉዳይ አልነበረም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ መዋጮ ጀመርን። አራታችን እንደየአቅማችን ጥለን 6,000 ብር ሞላ። አምስተኛው ጓደኛችን ግን በዚያ ወር ከቤቱ ምንም አልተላከለትም። «ያላዋጣሁበትን ዕቃ አልነካም» ብሎ፣ ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ያዘ። ይህ ነገር ሁላችንንም ከነከነን፤ ነገር ግን ወዲያው የተናገረ አልነበረም።

ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ክርክሩ መጣ። ከሁሉ የበለጠ ያዋጣው ጓደኛችን ግራፊክስ ካርድ ይገዛ አለ፤ የኳስ ጨዋታ እንደሚወድ የማያውቅ በሕንፃው ውስጥ የለም። ሌላው ፕሮሰሰሩ ወደ ኮር አይ 5-4570 ይለወጥ፣ አራት ኮር አለው አለ። ሦስተኛው ራም ብቻ ነው የሚያስፈልገን አለ። መርካቶ ወርደን ስንጠይቅ ደግሞ እያንዳንዱ ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ያሞግሳል። ይህ የነጋዴ ወጉ ስለ ሆነ አንቀየመውም፤ የእኛን ሥራ ሊያውቅልን አይችልም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ ከመግዛት በፊት ምርመራ ይሁን ያለው ያ ያላዋጣው ጓደኛችን ነው። የዘወትር ሥራችንን ሁሉ ከፍተን፣ ታስክ ማኔጀር በሚባለው ገጽ ላይ የትኛው ክፍል እንደ ተጨናነቀ እንድንመለከት አደረገን። ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ኃይል እንኳ አይጠቀምም ነበር። ራሙ ግን ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ዲስኩ ከመቶ መቶ ላይ ተተክሎ አልወርድ አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ እየጻፈ፣ ሲፈልገው መልሶ ያነበዋል። የእኛ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለት በሰኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል። የተፈለገው ነገር በማንበቢያው ሥር እስኪደርስ የግማሽ ዙር ጊዜ ይጠበቃል ብንል፣ ይህ ብቻውን ከ4 ሚሊሰኮንድ ይበልጣል፤ የማንበቢያው ክንድ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ጊዜ ሲጨመር ከዚያም ይረዝማል። ኤስኤስዲ የሚባለው ማስቀመጫ ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው፣ ያንኑ ነገር በአንድ አሥረኛ ሚሊሰኮንድ ገደማ ያገኘዋል። በካፌያችን ወጥ ቤቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ በሩ ላይ ካርድ የሚያየው ሰው አንድ ከሆነ ሰልፉ አያጥርም። ፕሮሰሰር መለወጥ ወጥ ቤቱን ማስፋት ነበር፤ የእኛ ችግር ያለው በሩ ላይ ነው።

የግራፊክስ ካርዱም ሐሳብ ሳይመረመር አልተጣለም። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ ከ75 ዋት በላይ ኃይል አይሰጥም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሳፕላዩ ሌላ ገመድ ይሻል፤ እንደ እኛው ያለ የቢሮ ኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ የለውም። ፓወር ሳፕላዩን እንለውጥ ቢባል፣ በአንዳንዶቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሶኬቱ የተለየ ስለ ሆነ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ አይገጥምም። እንደ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ያለው 60 ዋት ብቻ የሚወስድ ካርድ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል። ስለዚህ ጓደኛችን የጠየቀው የማይቻል ነገር አልነበረም። ለሰኔ የሚያደርሰን ግን እርሱ አይደለም። ይህን በቁጥር ሲያየው፣ ብዙ አዋጥቻለሁ ሳይል ሐሳቡን አነሣ፤ ስለዚህ እናመሰግነዋለን።

ከዚያ ወዲያ ምርጫው ቀላል ሆነ። በመጀመሪያ 240 ጊጋባይት አዲስ ኤስኤስዲ ገዛን። ማዘርቦርዱ ሳታ ከሚባለው ሶኬት ሌላ የለውምና፣ በሰኮንድ ከ550 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ከዚህ በላይ ይሮጣል ተብሎ ለሚሸጥ ውድ ዕቃ መክፈል ለእኛ ከንቱ ነበር። አሮጌውን ዲስክ አልጣልነውም፤ ለመጻሕፍትና ለድምፅ ቅጂ ማስቀመጫ አደረግነው። ቀጥሎ ያገለገለ 4 ጊጋባይት ራም ጨምረን 8 አደረስነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ የእኛ ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር 3 ነው። ዲዲአር 4 የተጎረደበት ቦታ ሌላ ስለ ሆነ ጨርሶ አይገባም፤ የላፕቶፕ ራምም አጭር ነው። እኩል መጠንና ፍጥነት ያላቸው ሁለት ራሞች ጎን ለጎን ሲሰኩ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም ባንድነት ስለሚያነብ፣ አሮጌውን ራም ነቅለን ይዘን ሄደን በአምሳያው ገዛን። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛም ከሻጩ ፊት አስሰክቶ ማየት ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የዓለም ፋብሪካዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ቅድሚያ በመስጠታቸው የራም ዋጋ በጣም ወጥቷልና፣ ያለውን ጠብቆ መያዝም አንድ ቁጠባ ነው።

ከሁሉ የረከሰችው ዕቃ ደግሞ ባለ 3 ቮልቷ ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ቀኑ ሲሳሳት ብዙ የኢንተርኔት ገጾች አይታመኑም እየተባለ አይከፈቱም። ባትሪዋ ስትለወጥ ይህ ሁሉ ቀረ።

አንድ ችግር ግን ዕቃ በመግዛት የሚፈታ አልነበረም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ይቀበላል፤ የእኛው አራተኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስ ጫንበት። የፊደላችን ነገር አሳስቦን ነበር፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ አማርኛውም ግዕዙም ያለ ችግር ይጻፋል። አሁን ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የቀረው የተራ ጉዳይ ነበር። አንዱ «ምርመራውን ያደረገው፣ መርካቶን የዞረው እርሱ ነው፤ ድካሙ እንደ መዋጮ ይቆጠርለት» አለ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ሌላው «ገንዘብም የሌለው፣ ታሞም ተኝቶ ያልዞረ ቢሆንስ? ተራ አይገባውም ልንል ነው?» ሲል መልስ የሰጠ አልነበረም። ዕቃውን የመረጥነው ማን ስንት አዋጣ ብለን ሳይሆን ሥራው ምን ይሻል ብለን ነው። ተራውም በዚሁ ሚዛን ይሁን ተባለ፤ የማስገቢያ ቀኑ የቀረበ ይቅደም ብለን ወረቀት በግድግዳው ላይ ለጠፍን። በዚያ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ስም ያላዋጣው ጓደኛችን ሆነ፤ ቀኑ የእርሱ ይቀርብ ነበርና። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ኋላም ተቀመጠና መተየብ ጀመረ።

ከመዋጮው ጥቂት ብር ተርፋለች። የግራፊክስ ካርዱ ቀዳዳ እስካሁን ባዶውን ነው። ከሰኔ በኋላ ለእርሱ እንደገና እናዋጣለን፤ ያን ጊዜም ኳስ ጨዋታውን የሚወደው ሰው ብቻውን አይከፍልም።