አንበሳሜና ወንዞቿ

አንበሳሜ የት ናት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አገሯን በወንዝ ነው የምነግረው። የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደራን በደቡብ ዓባይ፣ በሰሜን ጉማራ ያዋስኑታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲት ላይ በእስቴ መንገድ ከታጠፋችሁ ታገኟታላችሁ።

ታሪክ ሲባል ቤተ መንግሥት ብቻ መፈለጋችን ያሳዝነኛል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ ያለው የአላታ ድልድይ እኮ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኘ ነው። የገበያተኛ እግር ስንት ዘመን ተመላልሶበታል!

ጉማራ ደግሞ ከጉና ወርዶ ጣና እስኪገባ ስንቱን ይመግባል። በክረምት ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ሩዙ ይጠግባል፤ አንዳንዴም ቤትና ከብት ይዞ ይሄዳል። በበጋ ገበሬው የውኃ ሞተሩን ዳር ላይ አስቀምጦ፣ ቱቦውን በማሳው ዘርግቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውኃው ሲቀጥን ግን ከላይ ያለው ከታች ያለውን ያስጠማል። ያኔ ጠብ እንዳይነሣ ተራውን የሚያስማማ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን ሽምግልና ከድልድዩ አላሳንሰውም።

ለቅሶ ሲሆንማ ገበሬዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ሞፈርና ቀንበር ይቀመጣል፣ የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፣ እናቶች እንጀራውን በሌማት ተሸክመው ይደርሳሉ። ትናንት በውኃ የተኳረፉት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያስተዛዝናሉ።

የደራ ልጆች፣ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ያላችሁ፣ አባቶችና እናቶች ስለ ወንዞቹ የሚያወሩትን እባካችሁ በስልካችሁ ቅረጹ።